ከደብረ ብርሃን ዱባይ ስንት ሰዓት ነው?

ደብረ ብርሃን ተቀምጦ ስለ በረራ መጻፍ ትንሽ ያስቃል። እዚህ ከተማ ያለን መናኸሪያ ነው፤ ቲኬት ቆርጠን የምንሳፈርበት አውሮፕላን የለንም። ሰዉ ግን ይበራል። ዱባይ የሚሄድ አለ። ሪያድና ጅዳ የሚሄድ አለ። ዲቪ ደርሶት የቤት ዕቃውን ሸጦ አሜሪካ የሚገባ አለ። ለስብሰባ ባሕር ዳር ደርሶ የሚመለስ የመንግሥት ሠራተኛም አለ። ሁሉም ከመነሳቱ በፊት ስልኩን አውጥቶ ያንኑ ነገር ይጠይቃል፤ ከዚህ እዚያ ስንት ኪሎ ሜትር ነው፣ ስንት ሰዓት ይፈጃል? ስልኩም አያሳፍረውም፣ ቁጥሩን ቁጭ ያደርግለታል።

ቁጥሩ ውሸት አይደለም። ግን የሚለካው ከአንዱ ኤርፖርት አስፋልት እስከ ሌላው ኤርፖርት አስፋልት ያለውን ብቻ ነው። የሰሜን ሸዋ ሰው ደግሞ የሚነሳው ከቤቱ ነው፤ ከቤቱ እስከ ቦሌ ያለው ጣጣ ብዙ ጊዜ ከበረራው ይረዝማል። ሰፈር ውስጥ «አንተ ኢንተርኔት ታውቅ የለ፣ እስቲ ይቺን ቲኬት አንብብልኝ» እየተባልኩ የምጠራ ሰው ስለሆንኩ፣ ሁሌ አፌን ከማደክም አንዴ ልጻፈውና ልገላገል ብዬ ነው።

እስቲ ከዱባይ እንጀምር፤ አብዛኛው ሰው የሚጠይቀኝ እሱን ነው። ከቦሌ ዱባይ በቀጥታው መስመር 2,520 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በረራው 4 ሰዓት አካባቢ ይወስዳል። አሁን ካርታ አውጡና ከቦሌ ዱባይ ድረስ መስመር አስምሩ። መስመሩ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ይወጣል፤ ከዚያ በማን በኩል እንደሚያልፍ ታውቃላችሁ? በኛ በኩል። ደብረ ብርሃንን በ10 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚስታት። ከዚያ አፋር ይወርዳል፣ ቀይ ባሕርን ይሻገራል፣ የመንን ይቆርጣል፣ የሳዑዲን በረሃ አልፎ ዱባይ ይገባል።

ከቦሌ እስከ ደብረ ብርሃን የአየር ርቀቱ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጄቱ ገና ከፍታ እየያዘ ቢሆን እንኳ ይቺን ከሩብ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይጨርሳታል። የኛ መንገደኛ ግን ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ፣ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ሻንጣውን ሚኒባስ ላይ አስጭኖ፣ ጫጫን፣ ሸኖን፣ አለልቱን፣ ሰንዳፋን፣ ለገጣፎን አንድ በአንድ እየቆጠረ ወደ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ሦስት ሰዓት፣ መንገዱ ከተጨናነቀ ወይም ኬላ ላይ ፍተሻ ከበዛ ደግሞ ከዚያም በላይ። ከዚያ አውሮፕላኑ ያንኑ መንገድ በአየር መልሶ ያመጣውና በቤቱ ጣሪያ ላይ ያሳልፈዋል። ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው ይሄኔ ነው።

እርግጥ አብራሪዎቹ ሁልጊዜ በዚያ ቀጥታ መስመር አይሄዱም። ሰማይ ላይም የተከለለ መንገድ አለ፤ የሚመራቸው ሰው አለ፤ የማይገባበት ቦታም አለ። የየመን ጦርነት ከተጀመረ ወዲህ ብዙ አየር መንገዶች የዚያን አገር ሰማይ ሲሸሹ ኖረዋል። ስለዚህ ጎረቤቴ እንደምትለው ማታ ማታ በላያችን የሚያልፈው መብራት ሁሉ ልጇን የጫነ የዱባይ አውሮፕላን አይደለም። ይሄንን ግን ለሷ አልነገርኳትም፤ መንገርም አያስፈልግም።

ድረ ገጾቹ ርቀቱን ከየት ያመጡታል ለሚለው፣ ምሥጢር የለውም። እያንዳንዱ ኤርፖርት በካርታ ላይ የተመዘገበ ቦታ አለው። ቦሌ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 8.98 ዲግሪ ላይ፣ በምሥራቅ ኬንትሮስ ደግሞ 38.8 ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ምድርን 6,371 ኪሎ ሜትር ራዲየስ ያላት ኳስ አድርጎ ይወስዳትና በሁለቱ ነጥቦች መካከል በኳሱ ገጽ ላይ የሚኖረውን አጭሩን መንገድ ያሰላል። ኳስ ላይ ክር ወጥሮ እንደመለካት ማለት ነው። በእጃችሁም ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ጅዳ ለዚህ ትመቻለች፤ ምክንያቱም ከቦሌ ቀጥ ብላ በስተ ሰሜን ነው ያለችው። የጅዳ ኤርፖርት 21.7 ዲግሪ ላይ ነው። ከዚያ ላይ 9 ገደማውን ስትቀንሱ 12.7 ይቀራል። አንድ ዲግሪ ወደ 111 ኪሎ ሜትር ነው። አባዙት፣ 1,410 ገደማ ይመጣላችኋል። ስልካችሁ ላይ ያለውም ይኸው ነው።

አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። አንዳንዱ ድረ ገጽ በማይል ያሳያል፤ ማይል ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። የምድሩ ማይል 1.609 ኪሎ ሜትር ነው፤ የአየሩና የባሕሩ ማይል 1.852። ዱባይ በአንደኛው 1,570 ገደማ፣ በሌላኛው 1,360 ገደማ ትሆናለች። ሁለት ሰዎች ስልክ ይዘው የሚጨቃጨቁት ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

ሰዓቱን የሚያገኙት ደግሞ ከዚህ በባሰ ቀላል ሒሳብ ነው። ርቀቱን ለ800 ወይም ለ850 ያካፍሉታል፤ የጄት ፍጥነት በሰዓት እዚያ አካባቢ ስለሆነ። ከዚያ ለመነሻና ለማረፊያ ግማሽ ሰዓት ይጨምሩበታል። ጅዳ 1,410 ለ800 ሲካፈል አንድ ሰዓት ከሦስት ሩብ ገደማ፣ ግማሽ ሰዓት ሲጨመር ሁለት ሰዓት ከሩብ። በቃ። ነፋስ አላዩም፣ የአውሮፕላኑን ዓይነት አላዩም፣ የቦሌን ወረፋ አላዩም።

ቲኬቱ ላይ ያለው ሰዓት ከዚህ ረዘም ብሎ የሚገኘውም ለዚህ ነው። አየር መንገዱ የሚቆጥረው ጎማው ከመሬት ከለቀቀበት ደቂቃ አይደለም። አውሮፕላኑ ከቆመበት ገፋ ተደርጎ ከወጣበት ጀምሮ፣ ደርሶ ማቆሚያው ላይ ቀጥ እስኪል ድረስ ነው። መንደርደሪያው ጫፍ ድረስ የሚያዘግመው፣ ከፊቱ ያሉትን የሚጠብቀው፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው። ትንሽ መጠባበቂያም ይጨምሩበታል፣ ዘገየ እንዳይባሉ። ስለዚህ «አብራሪው ቀደም ብሎ ደረሰ» ብላችሁ ስታደንቁ፣ ምናልባት ድሮም የተያዘለት ጊዜ ሰፊ ነበር።

ወደ አገር ውስጥ እንምጣ፤ እኔን በጣም የሚገርመኝ እዚህ ላይ ያለው ነው። ባሕር ዳር፣ ላሊበላና ድሬዳዋ ከቦሌ በአየር እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። ባሕር ዳርና ላሊበላ ሁለቱም 330 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ድሬዳዋ ደግሞ ከነሱ በ10 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ትርቃለች። በመኪና ግን ማንም እኩል ናቸው አይልም። ባሕር ዳር ለመሄድ ዓባይ በረሃን ወርዶ መውጣት አለ፤ ድሬዳዋ 500 ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ ላሊበላ በደሴ በወልድያ ዞሮ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በአየር አንድ ዓይነት የሆነውን ርቀት መሬቱ ነው እንዲህ የሚለያየው። ገደል ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ለኛ አይነገረንም። ከደብረ ብርሃን ኮምቦልቻ በአየር 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በመኪና 245 ገደማ። ጣርማ በርን ያለፈ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ብርድና ጉም ተነስቶ፣ ዋሻውን አልፎ፣ ደብረ ሲናን እየተጠማዘዘ ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ 1,300 ሜትር እንኳ አይሞላም። ሹራቡን አውልቆ ማንጎ ይገዛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በረራ ያዋጣል አያዋጣም የሚለው የሚወሰነው በበረራው ርዝመት አይደለም፤ ከበረራው በፊት ባለው ነው። ከደብረ ብርሃን ባሕር ዳር በአውሮፕላን እንሂድ። እስከ ላምበረት መናኸሪያ ሦስት ሰዓት ያዙ። ከላምበረት በመገናኛ ቦሌ ለመድረስ እንደ ሰዓቱ ነው፤ ጠዋት የሥራ መግቢያ ላይ ከገባችሁ አንድ ሰዓት አይበዛበትም፣ ሻንጣ ይዛችሁ ታክሲ መቀየር አለ፣ ወይም ራይድ ጠርታችሁ ኪሳችሁን ትዳብሳላችሁ። ለአገር ውስጥ በረራ ከሁለት ሰዓት በፊት መገኘት ነው። በሩ ላይ ፍተሻ፣ ውስጥ ፍተሻ፣ ጫማ ማውለቅ፣ ቀበቶ መፍታት። በረራው አንድ ሰዓት አካባቢ። ወርዶ ሻንጣ መጠበቅና ባጃጅ መያዝ ግማሽ ሰዓት። ደምሩት፤ ሰባት ሰዓት ተኩል። የበረረው አንዷን ብቻ ነው። እንዲያም ሆኖ ለባሕር ዳር አውሮፕላኑ ይሻላል፤ በመኪና አንድ ሙሉ ቀን ነው፣ ለኛ ሰው ደግሞ አዲስ አበባ አድሮ መነሳትም አለበት። ላሊበላና ጎንደርም እንደዚያው።

ኮምቦልቻና ደሴ ግን ሌላ ነው። ከደብረ ብርሃን ኮምቦልቻ በአውሮፕላን የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ጀርባውን ሰጥቶ 130 ኪሎ ሜትር ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል፣ ያን ሁሉ ወረፋ ይሰለፋል፣ ከዚያ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ይበራል። በዚያ ጊዜ አውቶብሱ ደርሶ ተሳፋሪዎቹ ምሳ በልተዋል። መንገዱ ሰላም ከሆነ በመኪና ነው መሄድ፣ ምንም ክርክር የለውም። መንገዱ ሰላም ካልሆነ ደግሞ ሒሳቡ ሁሉ ይቀየራል፤ በነዚህ ዓመታት ገንዘብ ተበድሮም ቢሆን የበረረው ሰው ሰዓት ለመቆጠብ ብሎ አልነበረም።

ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ላላችሁ ደግሞ ስልካችሁ «ቅርብ ያለው ኤርፖርት» ብሎ ኮምቦልቻን ቢያሳያችሁ አልተሳሳተም። ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ 225 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከኮምቦልቻ 150 ገደማ። ውጭ አገር የሚሄድ ሰው ከኮምቦልቻ ቦሌ በአንድ ቲኬት ማያያዝ ይችላል፤ ሻንጣውንም እዚያው አስረክቦ ይገላገላል። ብዙ ሰው ይሄ ትዝ አይለውም፣ ምክንያቱም አዲስ አበባ መውጣትን ለምደነዋል። ዋጋውን ግን አስቀድማችሁ አስሉት፤ አንዳንዴ ይሻላል፣ አንዳንዴ ወገብ ይቆርጣል። ከመሐል ሜዳ ለሚነሱ የመንዝ ሰዎች ምንም ዓይነት አቋራጭ የለም፤ ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ማደር ነው።

ከሁሉ በላይ ሰው የሚያስለቅሰው ግን ርቀቱም አይደለም፣ ሰዓት አቆጣጠሩ ነው። ይሄን በደንብ አንብቡልኝ። ቲኬት ላይ ያለው ሰዓት የፈረንጅ ነው፣ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እስከ 24 የሚቆጠር። 02:30 ካለ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ነው። 14:30 ካለ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል። እስከዚህ ድረስ ብዙ ሰው ያውቀዋል፣ ስድስት መጨመርና መቀነስ ነው። ጉዱ ያለው ቀኑ ላይ ነው። የቲኬቱ ቀን የሚገለበጠው በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። እኛ ግን ሌሊቱን ከመሸው ቀን ጋር ነው የምንቆጥረው፣ እስኪነጋ ድረስ ማታ የነበረው ቀን አያልቅብንም። እና ቲኬቱ «ማክሰኞ 00:30» ቢል፣ ያ በእኛ አባባል ሰኞ ሌሊት 6 ሰዓት ተኩል ነው፣ ለማክሰኞ አጥቢያ። ከደብረ ብርሃን መውጣት ያለባችሁ ሰኞ ጠዋት ነው ማለት ነው፤ ምክንያቱም ለውጭ በረራ ከሦስት ሰዓት በፊት፣ ማለትም ሰኞ ማታ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ኤርፖርት መድረስ አለባችሁ።

አንድ የሰፈራችን ልጅ ይሄን ባለማወቁ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ተመራርቆ ወጣ። እናቱ ድፎ ደፍታ፣ ቆሎ ቆልታ፣ በርበሬውን በሦስት ፌስታል ጠቅልላ፣ ሰዉ አልቅሶ ሸኝቶት ማለት ነው። ማታ ኤርፖርት ሲደርስ አውሮፕላኑ ከሄደ ውሎ አድሯል። ቲኬቱን ለመቀየር የከፈለውን ሲነግረኝ እኔም ደነገጥኩ። ይሄ የሱ ሞኝነት አይደለም። ቲኬቱን የቆረጠለት ሰው በአንድ ቃል «ሰኞ ሌሊት ነው፣ ሰኞ ጠዋት ውጣ» ቢለው ያልቅ ነበር። አሁን እኔ ቲኬት ሳነብ መጀመሪያ የምናገረው የበረራውን ሰዓት አይደለም፤ ከቤት የሚወጣበትን ቀንና ሰዓት ነው፣ በወረቀትም ጽፌ እሰጣለሁ። የወሩንም ቀን አብሬ በእኛ አቆጣጠር እጽፈዋለሁ፤ እንደ ወሩ እየተለያየ የሚዛነፈውን ቀን ለእናቶች መተው ተገቢ አይደለም።

ሌላው፣ መነሻው ሰዓት በመነሻው አገር፣ መድረሻው ሰዓት በመድረሻው አገር ነው የሚጻፈው። ሁለቱን ብትቀናንሱ የበረራውን ርዝመት አታገኙም። ዱባይ ከኛ በአንድ ሰዓት ይቀድማል፤ ስለዚህ ስትሄዱ ወረቀቱ ላይ አምስት ሰዓት የፈጀ ይመስላል፣ ስትመለሱ ሦስት። ሪያድና ጅዳ ከኛ እኩል ስለሆኑ እነሱ ላይ ችግር የለም። ዋሽንግተን በክረምታቸው ከኛ 8 ሰዓት፣ በበጋቸው 7 ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ እነሱ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ይገፋሉ፣ እኛ አንነካካውም። እዚያ ያለ ዘመድ «ሰዓቱ ተቀይሯል» ሲላችሁ ቀልድ አይደለም።

ዋሽንግተንን ካነሳሁ አይቀር፣ ከሁሉ የምወደው በረራ እሱ ነው፤ ሳልሳፈርበት። ከቦሌ በአጭሩ መስመር ከ11,500 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። መስመሩ ወደ ምዕራብ ቀጥ ብሎ አትላንቲክን የሚያቋርጥ ይመስላችኋል፤ ግን ከቦሌ ሲነሳ ወደ ሰሜን ምዕራብ ነው የሚያቀናው፣ በሱዳን፣ በሜዲትራኒያን፣ በአውሮፓ አድርጎ ነው የሚሻገረው። ጠፍጣፋ ካርታ ላይ ዙሪያ ጥምጥም ይመስላል፣ ሉል ላይ ስታዩት ግን አጭሩ እሱ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በዚህ መስመር ሲሄድ ለዓመታት አየርላንድ፣ ደብሊን ላይ አርፎ ነዳጅ ሲቀዳ ኖሯል፤ ከነማረፊያው ከ16 ሰዓት በላይ ይፈጅ ነበር። ሲመለስ ግን የትም ሳያርፍ በ13 ሰዓት ገደማ ቦሌ ይገባል። አንድ መንገድ፣ ያው አውሮፕላን። ለምን?

አንደኛው ምክንያት ነፋስ ነው። አውሮፕላን በሚሄድበት ከፍታ፣ ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ላይ፣ በአውሮፓና በአትላንቲክ በኩል ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ አለ። አሜሪካ ሲሄድ ፊት ለፊት ይገጥመዋል፣ ሲመለስ ከኋላ ይገፋዋል። ሁለተኛው ግን የኛው ጉዳይ ነው። ቦሌ 2,334 ሜትር ከፍታ ላይ ነው ያለችው። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ወለል በ20 በመቶ ገደማ ይሳሳል። የሳሳ አየር ክንፉን በደንብ አያነሳም፣ ሞተሩም አቅሙን አይሰጥም፤ አውሮፕላኑ ከመነሳቱ በፊት የበለጠ መፍጠን፣ ለዚያም የበለጠ መንደርደር አለበት። የቦሌ ትልቁ መንደርደሪያ 3,800 ሜትር የሆነው ለዚህ ነው፣ ያም ሆኖ ሙሉ ሰው፣ ሙሉ ሻንጣና እስከ አሜሪካ የሚያደርስ ነዳጅ ባንድ ላይ ጭኖ መነሳት ይከብዳል። የዋሽንግተኑ ዱለስ ኤርፖርት ግን ከባሕር ወለል 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። እዚያ ጢም አድርጎ ሞልቶ ይነሳል።

ይሄን ስናገር ሁሌ የሚከተለው ጥያቄ «ታዲያ ለኛስ ኤርፖርት ለምን አይሠራልንም?» ነው። እንደ ደብረ ብርሃን ልጅ ደስ ይለኝ ነበር። ግን እውነቱን እንነጋገር። ከተማችን 2,840 ሜትር ላይ ነች፣ ከቦሌ በ500 ሜትር ትበልጣለች። ቦሌን ያስቸገረው የሳሳ አየር እኛ ዘንድ ይብሳል። እሱም ይቅር፤ ከደብረ ብርሃን ቦሌ የሚበር አውሮፕላን ቢኖር 110 ኪሎ ሜትር ነው፣ ገና ከፍ ሳይል መውረድ ይጀምራል። በአየር 20 ደቂቃ በርራችሁ ለሷ ሁለት ሰዓት ትሰለፋላችሁ። በሚኒባስ ብትሄዱ ይሻላችኋል። ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 እንኳ፣ በሰዓት 650 ኪሎ ሜትር የሚሄደው፣ ጥቅሙ የሚታየው 200 እና 300 ኪሎ ሜትር ካለፈ በኋላ ነው። ለዚያውም በመካከሉ ዓባይን የመሰለ በረሃ ሲኖር።

ቢሾፍቱ አጠገብ ይሠራል የተባለው አዲሱ ትልቅ ኤርፖርት ግን እኛንም ይመለከተናል፣ ብዙ ሰው ባያስብበትም። ቢሾፍቱ ከቦሌ በ400 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች፤ ለአውሮፕላኖቹ እፎይታ ነው፣ የበለጠ ጭነው ይነሳሉ፣ ሩቅ በረራዎቹም ይቀላቸዋል። ለሰሜን ሸዋ ሰው ግን መንገዱ ይረዝማል። በበረራው ላይ የሚቆጠበው ደቂቃ መሬት ላይ ተመልሶ ይበላል፤ አዲስ አበባ ደርሶ፣ ከተማዋን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ፣ እንደገና ወደ ቢሾፍቱ መውጣት ሊኖር ነው። ወረቀት ላይ የዱባይ በረራ ያው 4 ሰዓት ነው የሚባለው። ማንም የኛን ሦስት ሰዓት አይደምርም።

ስለዚህ እኔ ኤርፖርት አልጠይቅም። የምጠይቀው ከደብረ ብርሃን ተነስቶ ላምበረት ሳይገባ ኤርፖርት በር ላይ የሚያወርድ፣ ማታ ያረፈውንም ሰው ጭኖ የሚመለስ አውቶብስ ነው። አሁን ማታ ቦሌ ያረፈ የኛ ሰው ዘመድ ከሌለው አልጋ ይዞ ያድራል፣ ከነሻንጣው ሲንከራተት አድሮ በማግስቱ ነው ቤቱ የሚገባው። ከጅዳ ሁለት ሰዓት ከምናምን በርሮ የመጣ ሰው ደብረ ብርሃን ለመግባት 12 ሰዓት ሲጠብቅ አይቻለሁ። ይሄን የሚሞክር ባለ አውቶብስ ካለ ገበያ አያጣም፤ ቲኬት ላነብላቸው የሚመጡትን ሁሉ እኔው እልክለታለሁ።